ጅማ ላይ ሲሚንቶ በክረምት እንዳይበላሽ

ሲሚንቶ ጅማ የሚደርሰው እንደ ሙገርና ደርባ ካሉ ሩቅ ፋብሪካዎች ስለሆነ መንገድ ላይ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። ከመኪና ሲወርድ የከረጢቱን ጥግ በጣት ይጫኑ። ጓል ካለውና ጓሉ ቶሎ ከፈረሰ የተደራረበበት ክብደት ያጠበቀው ነው፤ ችግር የለውም። እንደ ጠጠር ከደረቀ ግን እርጥበት ገብቶታል፤ ወንፊት አያድነውም፣ ለኮለን (ለምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል ኮንክሪት) ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲሜትር አርቀው፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራርቡ ያስቀምጡና ላስቲክ ያልብሱት። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ ሦስት ወር ሲያልፈው ጥንካሬው ይቀንሳል።

ኮንክሪት ሲያቦኩ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ይበቃል። በክረምት አሸዋው ራሱ ውሃ ስለሚይዝ ከዚህም ይቀንሱ። ለማቡካት እንዲቀል ተብሎ ውሃ ሲበዛበት ኮንክሪቱ ይደክማል፣ ይሰነጠቃልም።