በጣና ዳር የዳታ ማዕከል ሲታቀድ፦ መሬቱን፣ ሕንፃውንና ራኩን ለርዕደ መሬት ማዘጋጀት

ባሕር ዳር የምትገኘው ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ስለሆነ፣ በከተማዋ ሕንፃ የሚያስገነባ ባለሀብት ስለ ርዕደ መሬት ሲነሳበት ጉዳዩን የአፋርና የአዋሽ አድርጎ መመልከቱ የተለመደ ነው። ይህ አመለካከት ሰርቨሮች በራክ፣ ማለትም በብረት መደርደሪያ፣ ተደርድረው ለሚሠሩበት የዳታ ማዕከል አያዛልቅም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ አካባቢ ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰው ከጣና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ከተከታተሉት መንቀጥቀጦች አንዱ፣ መጠኑ 5.7 የሆነው፣ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የጣና ተፋሰስ ራሱም በጥንታዊ ስምጦች መገናኛ ላይ የተቀመጠና በቅርብ የጂኦሎጂ ዘመን በፈሰሰ ላቫ የታጠረ ነው። አደጋው ከስምጥ ሸለቆው ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዳታ ማዕከል አገልግሎት የሚቋረጠው ሕንፃው ሲፈርስ ብቻ አይደለም፤ ሕንፃው አንድም ስንጥቅ ሳያወጣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሊቆም ይችላል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1971 በደረሰው ርዕደ መሬት ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ እጅግ ጠንካራ ሆኖ እንደገና ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዝሪጅ ርዕደ መሬት ኮለኑም ግድግዳውም ምንም አልሆነም፤ የእሳት ማጥፊያና የማቀዝቀዣ የውሃ ቧንቧዎች ግን ተሰብረው ውሃ ስለለቀቁ ሕሙማኑን ማስወጣት ግድ ሆነ። በዳታ ማዕከል ውስጥ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሚያደርሰውን ማንም መገመት አያቅተውም።

ስለዚህ የዲዛይኑ የመጀመሪያ ሥራ ስሌት ሳይሆን ውሳኔ ነው፤ ባለቤቱና መሐንዲሱ ተቀምጠው ከመንቀጥቀጡ በኋላ ማዕከሉ ሥራውን መቀጠል አለበት ወይስ ሰው ሳይጎዳ መቆሙ ይበቃል የሚለውን በጽሑፍ መወሰን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና በዩሮኮድ 8 (በአውሮፓ የርዕደ መሬት ዲዛይን ኮድ) ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስታንዳርድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ ሕንፃዎችን በአስፈላጊነታቸው በአራት መደብ ይከፍላል፤ የመጨረሻው መደብ እንደ ሆስፒታልና የኃይል ማመንጫ ላሉ በአደጋ ጊዜ ሊቆሙ ለማይገባቸው ሕንፃዎች ሲሆን፣ በዩሮኮዱ መነሻ አሠራር የዲዛይኑ ኃይል በ1.4 ይባዛል። ባንክን፣ ሆስፒታልን ወይም ቴሌኮምን የሚያገለግል የዳታ ማዕከል በዚህ መደብ ይታይ እላለሁ። ተጨማሪው የፌሮና የኮንክሪት ወጪ በማሽኖቹ ዋጋ ሲለካ ትንሽ ነው።

ቀጥሎ መሬቱ ነው፤ በጣና ዳር ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለም። ከሐይቁ ዳርቻና ከዓባይ መውጫ አካባቢ የሚገኘው አፈር በብዙ ቦታ ዋልካ ወይም የሐይቅና የወንዝ ደለል ሆኖ ከሥሩ ባዛልት አለው። ባዛልቱ አንዱ ቦታ ላይ ፈጦ ይታያል፤ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ብዙ ሜትር ወርዶ ይገኛል። በአንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ «አለት አገኘን» የሚል ሪፖርት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም፤ መሰርሰሪያው የነካው በአፈር ውስጥ የቀረ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ቁፋሮው በሕንፃው አራት ማዕዘንና በመሐሉ ሆኖ አለት ከተነካ በኋላም ቢያንስ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ይዝለቅ፤ የከርሰ ምድር ውሃው መጠንም ሐይቁ ሞልቶ በሚገኝበት በክረምት መውጫ ይለካ፤ በበጋ የተለካው ብቻውን ያሳስታል። ውሃ በጠገበ ልል አሸዋ ላይ ደግሞ መሬቱ ሲናወጥ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ የመሆን ዕድል ስላለው፣ አሸዋ ከተገኘ የመደበኛ መግቢያ ሙከራ (ዘንግ በመዶሻ እየተመታ የአፈሩ ጥንካሬ የሚለካበት) በየሜትር ተኩሉ ይሠራ።

ከቁፋሮው ጋር የሸር ሞገድ (መሬቱን ወደ ጎን እያናወጠ የሚያልፍ ሞገድ) ፍጥነት ልኬት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራው የሚከናወነው በመሬት ላይ በተደረደሩ ጂኦፎኖች (የንዝረት መቀበያዎች) እና በመዶሻ ምት ስለሆነ ከተጨማሪ ቁፋሮ የሚረክስ ነው፤ የሚሰጠው መረጃ ግን የኮዱን የመሬት ዓይነት ይወስናል። ፍጥነቱ ከ800 ሜትር በሰከንድ ከበለጠ አለት ነው፤ ከ360 ካነሰና የአፈሩ ውፍረት ከ5 እስከ 20 ሜትር ሆኖ ከሥሩ አለት ካለ ግን «ኢ» የተባለው ዓይነት ነው፤ ለዚህም ኮዱ የአለቱን መንቀጥቀጥ በ1.4 ያባዛዋል። የጣና ዳር ቦታዎች ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ የመውደቅ ዕድል አላቸው።

ነገሩ በማባዣው ብቻ አያበቃም። የአፈር ንብርብር የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ እሱም በግምት የውፍረቱ አራት እጥፍ ለሞገድ ፍጥነቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። 10 ሜትር ውፍረትና 200 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ላለው አፈር ይህ 0.2 ሰከንድ ይሆናል። 8 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ ሸር ዎል (የጎን ግፊትን የሚሸከም የኮንክሪት ግድግዳ) ሕንፃ ደግሞ በኮዱ ግምታዊ ቀመር ወደ 0.24 ሰከንድ ይመጣል። ሁለቱ ሲቀራረቡ አፈሩና ሕንፃው አብረው ይወዛወዛሉ፤ መንቀጥቀጡም ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ከተማን የጎዳው ይኸው ነበር፤ የመንቀጥቀጡ መነሻ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም፣ በቀድሞው ሐይቅ ጭቃ ላይ የቆሙ መካከለኛ ፎቆች በብዛት ፈረሱ። የዚያ ርዕደ መሬት መጠን 8.0 ስለነበርና የሜክሲኮ ጭቃ እጅግ ጥልቅና ለስላሳ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደ ባሕር ዳር ማምጣት አይገባም፤ የጣና ዳር ስስ አፈር እንዲያውም የሚያጎላው ረጃጅሞቹን ሳይሆን አጫጭርና ደንዳና ሕንፃዎችን ነው። የዳታ ማዕከል ደግሞ በአብዛኛው እንደዚያ ያለ ሕንፃ ነው። ምርጫ ካለ ባዛልቱ ወደ ላይ የቀረበበትን ቦታ መፈለግ፣ ምርጫ ከሌለ ዋልካውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በደረጃ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ መተካት ወይም በፓይል (ወደ መሬት ጠልቆ በሚገባ የመሠረት ምሰሶ) እስከ አለቱ መውረድ፣ መሠረቶቹንም በግሬድ ቢም (በመሬት ደረጃ በሚዘረጋ አግዳሚ ኮንክሪት) እርስ በርስ ማሰር ይሻላል። ዋልካው ከተተወ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ወለሉን ቀድሞ ይሰነጥቀዋል፤ በተሰነጠቀ ኮንክሪት ውስጥ የገባ ብሎንም የመንቀጥቀጡ ዕለት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

የሕንፃው ቅርጽ ቀላል ይሁን፤ አራት ማዕዘን፣ ሸር ዎሎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ሚዛናዊ ሆነው የተቀመጡ፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቋረጡ የሚወጡ። በከተማችን በብዛት የሚታየው፣ ምድር ቤቱ ለሱቅ ክፍት ሆኖ ከላይ በብሎኬት የተሞላ ሕንፃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጀነሬተር ለማስገባት ሲባል ምድር ቤቱን ባዶ ማድረግም ያንኑ ድክመት ያመጣል። በኮለኖች መሐል ብሎኬቱን ከፍ አድርጎ ከላይ ለአየር ማስገቢያ ጠባብ መስኮት መተው ደግሞ ኮለኑን አሳጥሮ በሸር (በጎን ግፊት ተቆርጦ) እንዲሰበር ያደርገዋል፤ ብሎኬቱ ከኮለኑ በክፍተት ይለይ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ የእያንዳንዱን ስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀጭን ፌሮ) ጫፍ ይይ፤ ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ልብ ካልገባ፣ ሽፋን ኮንክሪቱ እንደተላጠ ስታፋው ተከፍቶ ዋናው ፌሮ ይጎብጣል። በ90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ ካየ ሙሌቱ ይቁም። ሕንፃውን በሙሉ ከመሬቱ መናወጥ በሚለየው የጎማ መነጠያ ላይ ማስቀመጥን በተመለከተ፣ በልል አፈር ላይ ጥቅሙ ስለሚቀንስና ዙሪያውን ሰፊ ክፍተት ስለሚጠይቅ፣ ለአነስተኛ ማዕከል አልመክረውም፤ እጅግ ውድ ለሆኑ ጥቂት ራኮች ብቻ ከሥራቸው የሚቀመጥ መነጠያ የተሻለ ነው።

ወደ ራኩ እንምጣ። ሁለት ሜትር ከፍታ፣ 60 ሳንቲሜትር ስፋትና 1000 ኪሎ ክብደት ያለው ራክ የክብደት ማዕከሉ በአንድ ሜትር ላይ ነው ብንል፣ ከመሬት ስበት 0.3 እጥፍ የሆነ የጎን ግፊት ሲያገኘው አንድ ጎኑ ከወለሉ መነሳት ይጀምራል። ለማስላት ያህል ብቻ የአለቱን ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት 0.10 እጥፍ አድርገን እንውሰድ፤ የቦታው ትክክለኛ ቁጥር ከኮዱ የቀጠና ሰንጠረዥ ይነበብ። በአስፈላጊነት 1.4፣ በአፈር 1.4 ሲባዛ ወደ 0.20 ይደርሳል። ኮዱ መዋቅራዊ ላልሆኑ አካላት በሰጠው ቀመር፣ ራኩ ፍጹም ደንዳና ከሆነ በምድር ወለል ላይ ይኸው 0.20 ያገኘዋል፤ በባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ መካከለኛ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ላይ ግን 0.34 ይሆናል። የራኩ መወዛወዣ ጊዜ ከሕንፃው ጋር ከተገናኘ በምድር ወለል 0.49፣ በላይኛው 0.78 ድረስ ይወጣል። ሕንፃውን ምንም በማያደርግ መንቀጥቀጥ ራኩ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ከባዱ ሁሉ፣ በተለይ ባትሪው፣ ምድር ቤት ይሁን፤ ከሐይቁ ቅርበት የተነሳ ግን ከመሬት በታች አይውረድ።

በላይኛው ፎቅ ያለውን 0.78 ብንወስድ እንኳ በአንድ በኩል ያሉት ሁለት ብሎኖች እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት የመጎተት ኃይል፣ የደህንነት ማባዣው ሳይጨመር፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎኒውተን ብቻ ነው። በቀላሉ የሚቻል ነገር ነው፤ የሚጎድለው ጥንቃቄ ነው። ብሎኑ ለተሰነጠቀ ኮንክሪትና ለርዕደ መሬት የተፈተነ መሆኑ በአምራቹ ሰነድ ይረጋገጥ። ራኩ የሚታሰረው ከፍ ብሎ በተዘረጋው ተነቃይ ወለል ሰሌዳ ላይ ሳይሆን፣ በብረት ቁም አልፎ ከሶሌታው ጋር ነው፤ የሊሾው ውፍረት አይቆጠርም፣ ጥልቀቱ የሚለካው ከኮንክሪቱ ፊት ነውና። ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ዱቄቱ በብሩሽ ተጠርጎ በአየር ይነፋ፤ ይህ እስኪጸዳ ይደገም። መሰርሰሪያው ፌሮ ከነካ ቦታው ይቀየርና የተበላሸው ቀዳዳ በማይጨማደድ ግራውት (መሙያ ሲሚንቶ) ይሞላ። ዳዶው በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቅ፤ በእጅ ግምት የጠበቀ ዳዶ አልታሰረም። ራኮቹ በአናታቸውም እርስ በርስ ይያያዙ፤ የሰርቨር ድርደራውም ከባዱን ከታች ያድርግ።

ተነቃይ ወለሉ በራሱ አግዳሚ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ከኮርኒስ በላይ የተንጠለጠሉ የኬብል ትሪዎችና ቧንቧዎች በሁለት አቅጣጫ በሰያፍ ይታሰሩ፤ ሁለት ሕንፃዎችን በሚያገናኙበትና ወደ ማሽን በሚገቡበት ቦታ ተጣጣፊ ማያያዣ ይግባላቸው። በስፕሪንግ ላይ የተቀመጠ ጀነሬተር በዙሪያው መንሸራተቱን የሚገታ ብረት ከሌለው የነዳጅ ቧንቧውን ይበጥሳል። በጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የውሃ ታንከር ወደ መሬት ይውረድ፤ የግድ ከሆነ ግን ከዳታ ክፍሉ አናት ላይ አይሁን። የውሃ ቧንቧም በተቻለ መጠን በክፍሉ ላይ አይለፍ።

በርክክብ ጊዜ ከስዕሉ ጋር የእያንዳንዱ ብሎን ዓይነት፣ ጥልቀትና ቶርክ የተመዘገበበት ሰነድ ይቅረብ፤ ከብሎኖቹም የተወሰኑት በባለቤቱ ፊት በመጎተቻ ይፈተኑ። አንድ የንዝረት መመዝገቢያ በምድር ወለል፣ ሌላ በላይኛው ፎቅ ቢተከል፣ መንቀጥቀጥ ሲሰማ የደረሰው ኃይል ከዲዛይኑ ጋር ወዲያው ይነጻጸራል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ፍተሻ በባትሪ መደርደሪያዎች ጀምሮ ወደ ነዳጅ ቧንቧ፣ ወደ ውሃ ማያያዣዎች፣ ወደ ራክ ብሎኖች ይሂድ፤ ኮለንና ሸር ዎል በዚያው ዕለት በመዋቅር መሐንዲስ ይታዩ፤ የዳዶዎቹ ቶርክም ዳግም ተለክቶ በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።