ፒ0171፦ ሞተሩ አየር በዝቶበት ነው ወይስ ነዳጅ አንሶት?

የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ስካነሩ ፒ0171 ሲያሳይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀየረው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። ኮዱ የሚለው የሞተሩ ኮምፒዩተር ነዳጅ ጨምሮ ጨምሮ ገደቡ ላይ መድረሱን፣ በጭሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን አሁንም መብዛቱን ብቻ ነው። ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ነጋሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። በቪ ቅርጽ ሞተሮች የሁለተኛው ጎን ኮድ ፒ0174 ነው፤ ሁለቱ አብረው ከመጡ ሁለቱም ጎኖች የሚጋሩትን፣ ለምሳሌ ማፍ ሴንሰሩን (የሚገባውን አየር የሚመዝነውን) ወይም የነዳጁን ግፊት ይጠርጥሩ።

ኮዱን ከማጥፋትዎ በፊት አብሮት የተመዘገበውን መረጃ ይጻፉ፦ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ? በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ነበር ወይስ በጭነት? ኮዱ ሲጠፋ ይህም ይጠፋል።

ዋናው ሥራ ያለው የነዳጅ ማስተካከያ ንባቡ (ፊውል ትሪም) ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ 1 ኪሎ ቤንዚን ከ14.7 ኪሎ አየር ጋር እንዲቃጠል ይጥራል፤ ይህን ለማግኘት ስንት በመቶ ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የአጭርና የረጅም ጊዜ ትሪም ይነግሩዎታል። ሁለቱን ይደምሩ። ድምሩ እስከ 10 በመቶ ድረስ ወደላይም ወደታችም ቢል ችግር የለውም፤ ከ20 በላይ ከሆነ ኮዱ ለመመዝገብ ተቃርቧል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ቀጥሎ በ2500 ዙር ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዘው፣ በመጨረሻም ዳገት ላይ እየነዱ ያንብቡ።

በሚኒሞ +25 የነበረው በ2500 ዙር ወደ +5 ከወረደ፣ ከማፉ በኋላ ያልተመዘነ አየር እየገባ ነው። ቀዳዳው የሚያስገባው አየር ብዙም አይለወጥም፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ድርሻው ያንሳል። ከማፉ እስከ ስሮትል ያለውን የጎማ ቱቦ እጥፋቶቹን እየለጠጡ ይመልከቱ፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከሥር ነው። ከዚያ የፒሲቪ ቱቦውን (የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰውን) እና የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱን ጋስኬት ይፈትሹ። የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ ያድርጉት፤ ትሪሙ ወዲያው ከወረደ የሚያስገባው ሰርቮው ነው። በካርቡሬተር ክሊነር ሲፈልጉ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከጋለ ጭስ ማውጫና ከካንዴላ ገመድ አርቀው ይርጩ፤ የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር። የጭስ ማሽን (ጭስ ነፍቶ ቀዳዳውን የሚያሳይ) ያለው ጋራዥ ካገኙ ግን እሱ ይሻላል። 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ባለው ኮሮላ የማኒፎልድ ጋስኬቱ ሲቀዘቅዝ አየር አስገብቶ ሲሞቅ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ፍተሻውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀምሩ።

ማፍ በሌላቸውና በማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት በሚለካው) በሚሠሩ ሞተሮች ይህ ምልክት አይጠበቅም። ተጨማሪውን አየር ማፑ እንደ ግፊት ስለሚያነበው ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ የሚታየው የሚኒሞ ከፍ ማለት ነው።

በሚኒሞ ደህና ሆኖ በጭነት ትሪሙ ከወጣ ጥርጣሬው በሁለት ይከፈላል። የቆሸሸ ማፍ ብዙ አየር ሲያልፍ አሳንሶ ይመዝናል። ለማፍ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይርጩት፤ ሽቦውን በጣትም በጨርቅም አይንኩት፣ ሳይደርቅም አይግጠሙት። ሁለተኛው የነዳጅ እጥረት ነው፦ የደከመ ፓምፕ፣ የተዘጋ ፊልትሮ፣ በጀሪካን ከተቀዳ ቤንዚን የመጣ ቆሻሻ። የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ካሠሩት በኋላ የግፊት መለኪያ ይግጠሙ። ለዚሁ ኮሮላ ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ይጠበቃል፤ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ቢያንስ 21 መቅረት አለበት። ቆሞ ደህና የሚመስል ፓምፕ ዳገት ላይ ሊወድቅ ስለሚችል በጭነትም ይለኩ። ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት መሰኪያው ላይ ያለውን ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ያስተያዩ፤ ከ1 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በሪሌው በኩል ነው። ይህን ዓይነቱን ችግር አያቆዩት፤ በሙሉ ጋዝ ኮምፒዩተሩ በትሪም መጠበቁን ስለሚተው፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ፒስተንና ቫልቭ እስከማቃጠል ሊደርስ ይችላል።

«የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ነው» የሚለውን አይቀበሉ። ማፍ የሚመዝነው የአየሩን ክብደት ስለሆነ ከፍታ ብቻውን ይህን ኮድ አያመጣም። ከፍታው የሚያሳስተው የቫኪዩም መለኪያ የሚያነበውን ሰው ነው፦ የጥገና መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቢልም፣ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር ከዚህ በ7 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። የማፕ ሴንሰሩም ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ወደ 76 ኪሎፓስካል ማሳየት አለበት።

ትሪሙ በየትኛውም ዙር ከፍ ብሎ ከቀረና ግፊቱም ማፉም ደህና ከሆኑ፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የጭስ ማውጫ ይመልከቱ። እዚያ ያለ ስንጥቅ የውጭ አየር ስቦ ሴንሰሩን ያሳስታል። የማይተኩስ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ ያልተቃጠለው ኦክስጅን አልፎ ይሄዳልና መጀመሪያ ካንዴላና ኮይሉን ያስተካክሉ። ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተን በስሮትሉ በኩል ጥቂት ክሊነር ይርጩ፦ የተለመደው ዓይነት ወዲያው ወደ 0.9 ቮልት ከዘለለ ይሠራል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ በኦክስጅን ሴንሰሩ ቦታ ያለው የኤ/ኤፍ (የአየርና ነዳጅ) ሴንሰር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሚዛኑ 3.3 ቮልት ሆኖ ነዳጅ ሲበዛ ይወርዳል።

ከጥገናው በኋላ ኮዱን አጥፍተው የረጅም ጊዜ ትሪሙን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከተማም ዳገትም ነድተው ያንኑ ሦስት ንባብ ይድገሙ። በሦስቱም ድምሩ ከ10 በመቶ በታች ካልሆነ ሌላ ያልተገኘ ችግር አለ ማለት ነው።