ፋይሉ ተነበበ፣ መረጃው ግን ጠፋ፦ በፓይተን ሰንጠረዥ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሰፈራችን እድር የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሮ ነበር። ጸሐፊው «ልጄ፣ ማን የስንት ወር እንደከፈለ ባንዴ የሚያወጣልኝ ነገር ብትሠራልኝ» ሲሉኝ የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ እሺ አልኳቸው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ኮዱ ሃምሳ መስመር አይሞላም፤ ጊዜዬን የበላው ፋይሉ ነው። ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ የሚቆም ፕሮግራም ባለውለታ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። የሚያስፈራው ምንም ሳይል የተሳሳተውን መልስ የሚሰጠው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

1. ኢንኮዲንጉን ሳይናገሩ ፋይል መክፈት

የፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ፓይተን ፋይሉን በምን ኢንኮዲንግ (ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ሥርዓት) እንደሚያነብ ካልነገሩት የኮምፒውተሩን ልማድ ይከተላል። ሊነክስና ማክ ላይ ልማዱ የእኛንም ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ችግሩ አይታይም። ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተዘጋጀው ሲፒ1252 ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሲፒ1252 ደግሞ አንዱን ባይት እንደ አንድ ምልክት ይቆጥራል። ስለዚህ «ሀ» ሦስት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆና ትነበባለች፣ ፕሮግራሙም ቅር ሳይለው ያልፋል። «ሁ» ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል፤ የ«ሁ» የመጨረሻ ባይት በሲፒ1252 ምንም ምልክት አልተሰጠውምና። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም፤ ዛሬ የተመዘገበው ሰው ስም ውስጥ እንዲህ ያለ ፊደል ገብቷል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥፋት የሚሠራው። ሰው ይደነግጥና «ያልገባህን ፊደል ዝለለው» የሚለውን አማራጭ ይጨምራል። ጩኸቱ ይቆማል፣ ስሙም አብሮ ይጎድላል። መድኃኒቱ ፋይሉን ስንከፍት ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ መጻፍ ብቻ ነው። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ልማዱ ራሱ ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ተወስኗል፤ ብዙዎቻችን ግን በቆዩ ስሪቶች ስለምንሠራ መጻፉን አንተው።

ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር ከሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ካጋጠማችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። እሱን ኢንኮዲንግ በመለዋወጥ ማዳን አይቻልም፤ ለዚያ ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

2. የማይታየውን ምልክት አለማወቅ

ኤክሴል ፋይልን ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ ጽሑፍ አድርጎ፣ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብሎ ሲያስቀምጥ በመጀመሪያው መስመር ፊት አንድ የማይታይ ምልክት ያኖራል። የእድሩ የመጀመሪያ ዓምድ «ስም» ይባላል። ፕሮግራሙ «ስም» የሚባል ዓምድ የለም አለኝ። የዓምዶቹን ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣሁት፤ «ስም» ይላል። በራሴ እጅ እንደገና ጻፍኩት፣ አሁንም የለም አለ። ክፍተት የሚያራግፈው ስትሪፕም አልጠቀመኝም፤ ምልክቱ ክፍተት ተብሎ አይቆጠርም። በመጨረሻ ጽሑፉን የማይታየውን ምልክት ገልጦ በሚያሳየው በሬፕር አሳልፌ ሳየው ከ«ስ» ፊት የተደበቀው እንግዳ ወጣ። እንዲህ ያለውን ፋይል በዩቲኤፍ-8-ሲግ መክፈት ይበቃል፤ ምልክቱ ካለ ያነሳዋል፣ ከሌለም አይጎዳም።

3. በኮማ መሰንጠቅ

ሲኤስቪ ማለት በኮማ የተለየ ጽሑፍ ስለሆነ ጽሑፍን የሚሰነጥቀው ስፕሊት የሚበቃ ይመስላል። ይህን መስመር እንይ፦

አበበች ታደሰ,"ቂርቆስ, ወረዳ 8",12

ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፣ ስፕሊት ግን አራት ቁራጭ ይሰጣል፤ የወራቱ ብዛት የነበረበት ቦታ ላይ የወረዳው ቁጥር ይቀመጣል። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው የሲኤስቪ አንባቢ የጥቅሱን ምልክት ያውቃል፤ እሱን መጠቀም ነው። ጀርመን ያለ አባል ከራሱ ኮምፒውተር የላከው ዝርዝር ደግሞ በኮማ ምትክ ኮማና ነጥብ የተደራረቡበትን ምልክት (;) ሊይዝ ይችላል፤ እዚያ ኮማ የአስርዮሽ ምልክት ነው።

ስምን በክፍተት ከፋፍሎ «የራስ፣ የአባት፣ የአያት» ማለትም ያው ስህተት ነው። ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ሰው አባታቸው ሚካኤል ሆኖ ይወጣል።

4. ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ማድረግ

ፓንዳስ የሚባለው የፓይተን የሰንጠረዥ መሣሪያ ዓምዱ አሃዝ ብቻ ከሆነ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በ09 የሚጀምር ስልክ መሪ ዜሮውን ያጣል፤ አንድ ክፍት ሕዋስ ካለ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነጥብና ዜሮ ይለጠፍበታል። ዓምዱ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ባለ 13 አሃዝ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ግን ከዚያም በፊት ሊበላሽ ይችላል። ኤክሴል በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳጥረዋል፣ ሲኤስቪ ሆኖ ሲቀመጥም ያጠረው ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የጠፉትን አሃዞች ፓይተን ከየት ያመጣቸዋል?

መደመር የማይገባው ነገር ቁጥር አይደለም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ ስልክ ከስልክ ጋር የሚደምር ሰው አላየሁም።

5. የእኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ማስነበብ

ከሁሉም የከፋብኝ ይህ ነው። መዝገቡ ላይ 30/06/2016 ይላል፤ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 9 ቀን 2024። ፓይተን ግን ጁን 30 ቀን 2016 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ሰውዬው ባልተወለደ ልጅ ስም ከፍለዋል ቢባል እንኳ አይከራከርም። ከ2016 ዓ.ም. ቀኖች ሁሉ በቀን፣ ወር፣ ዓመት ቅርጽ ሲሰጡት እንቢ የሚለው ስድስቱን ብቻ ነው፦ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጥቅምት 30ን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ አምስቱን የጳጉሜን ቀኖች። ቅርጹን ራሱ የሚገምት አንባቢ ከተጠቀምን ይባስ ብሎ ጳጉሜን 5ን ሜይ 13 ያደርገዋል።

እኔ ቀኑን በጽሑፍነቱ አነበብኩት፣ በሦስት ቁጥር ከፈልኩት፣ ከዚያ በግልጽ የመቀየሪያ ስሌት ወሰድኩት። የዓምዱንም ስም «ቀን» ከማለት «ቀን በዓ.ም.» አልኩት።

6. ሞክሼ ፊደላትን መርሳት

ለሰው «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ሁለት ሰዎች። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያሉባቸው ስሞች ሲፈለጉ ይጠፋሉ፣ ሲቆጠሩ ይደጋገማሉ። ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ወጥ ቅጂ ሥሩ፤ ዋናውን ስም ግን አትንኩ። ስማቸውን በ«ኀ» የሚጽፉ ሰው በ«ሀ» ታትሞ ሲያዩት ምን እንደሚሉ እኔ ሰምቻለሁ።

7. የተዘለለውን ረድፍ አለመቁጠር

በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ 15,841 በኮቪድ የተያዙ ሰዎች በወቅቱ ሳይመዘገቡ ቀሩ፤ ከላቦራቶሪ የመጣው ዝርዝር የተጫነበት የድሮው የኤክሴል ቅርጽ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ ማነጻጸር የሁለት መስመር ኮድ ነው።

እኔም ሳልቆጥር ቀርቼ ነበር። «ስህተት ካለ እለፈው» ብዬ ጽፌ ነበርና ወደ ኋላ ተመልሼ ስቆጥር 412 ገብቶ 411 ወጥቷል። የታለፈውን ረድፍ ከነመስመር ቁጥሩ ለብቻው እንዲጽፍልኝ አደረግሁ። የወራቱ ዓምድ ላይ «፭» ይላል። ፓይተን ይህ አሃዝ ነው ወይ ሲባል አዎን ይላል፣ ወደ ቁጥር ቀይረው ሲባል አልችልም ይላል። ጸሐፊውን ማን እንደጻፈው ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ የራሳቸው ረድፍ ነበር።