ፕላኔቷን በኮከቧ ውዝዋዜ መመዘን

ኮከብ ፕላኔቱን ይስባታል፤ እሷም መልሳ ትስበዋለች። ሁለቱም የሚዞሩት የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ስለሆነ ኮከቡ አንዴ ወደ እኛ ይቀርባል፣ አንዴ ከእኛ ይርቃል። ፕላኔቷን ሳናያት የምንመዝናት በዚህ ነው። ለመለማመድ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ ውሰዱ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ፕላኔቱን ያገኙት በዚሁ ዘዴ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ኤክሴልና በነጻ የሚገኝ የኮከቡ የፍጥነት ልኬት ነው። ከሁሉ በፊት የምድር እንቅስቃሴ ከልኬቱ መቀነሱን አረጋግጡ። ምድር ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ የምንፈልገው የኮከቡ ውዝዋዜ ግን በሰከንድ 56 ሜትር ብቻ። ይህ ከተዘለለ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከእያንዳንዱ ልኬት ቀን ላይ የመጀመሪያውን ቀን ቀንሱና ለ4.2308 (የዙረቷ ቀናት) አካፍሉ። ሙሉ ቁጥሩን ጥላችሁ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ከፍጥነቱ ጋር በግራፍ ስታስቀምጡ ነጥቦቹ አንድ ሞገድ ይሠራሉ። ቁመቱን ከመካከል እስከ ጫፍ ለኩ። ከጫፍ እስከ ግርጌ የለካ ሰው 112 ያገኛል፤ ፕላኔቷም እጥፍ ትከብድበታለች።

የዙረቱን ጊዜ ራሳችሁ የምትፈልጉ ከሆነ 1.31 ቀንም አሳማኝ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሌሊት ሌሊት ብቻ የመለካት ጣጣ ነው። በአንድ ሌሊት በሰዓታት ልዩነት የተወሰዱ ልኬቶች ይለዩታል።

አሁን 56ን ለ28.4 አካፍሉ (ጁፒተርን የምታህል ፕላኔት በአንድ ዓመት ዙረት ፀሐይን የሚያህል ኮከብ የምታወዛውዝበት ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ ሜትር)፦ 1.97። ዙረቱ በዓመት ሲቆጠር 0.01158 ነው፤ የእሱን ኪዩብ ሩት (0.226) አባዙበት። የኮከቡ መጠነ ቁስ የፀሐይን 1.1 እጥፍ ያህል ስለሆነ 1.1ን ወደ 2/3 ኃይል ከፍ አድርጋችሁ (1.066) ደግሞ አባዙ። ውጤቱ የጁፒተር 0.47 ያህል ነው። ይህ ዝቅተኛው ግምት ነው፤ ምሕዋሯ ልክ ከላይ ወደ ታች ከምናይበት አቀማመጥ 30 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ቢሆን፣ እውነተኛው ክብደት እጥፍ ይሆናል።

ትልቁ አሳሳች ግን ራሱ ኮከቡ ነው። ሲሽከረከር አንዱ ጎኑ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላው ይሸሻል። ጥቁር ነጠብጣብ የሚመጣውን ጎን ሲሸፍን ኮከቡ ከእኛ የሚርቅ ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ ተቃራኒው። ስለዚህ ያገኛችሁት ጊዜ ከኮከቡ መሽከርከሪያ ጊዜ ጋር ከገጠመ ተጠራጠሩ። ፕላኔት በኮከቡ የተበተነ ብርሃን ውስጥ የሚታዩትን (ፍጥነቱ የሚለካባቸውን) ጥቁር መስመሮች ቅርጻቸውን ሳትለውጥ ታንሸራትታለች፤ ነጠብጣብ ግን ያጣምማቸዋል። ሞገዱን በሰማያዊና በቀይ ብርሃን ለይታችሁ ለኩ፦ ቁመቱ ከተለያየ ፕላኔት አይደለም።