ሜምበር ሞልቶ ድምፅ የጠፋበት ቻናል፦ ችግርና መፍትሄ

የሰው የቴሌግራም ቻናል ሳስተካክል ደጋግሜ የማገኛቸውን ብልሽቶች ነው የምጽፈው። ቻናል መክፈት፣ ፒን ማድረግ፣ አድሚን መሾም ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ፖስቱ ሥር ኮሜንት መጻፊያ የለም

ግሩፕ አልተያያዘም። ቻናሉን ኤዲት በሉና ‹ዲስከሽን› የሚለው ውስጥ ግሩፑን አያይዙ። አለቀ።

ጽሑፉ ይነበባል፣ ቪዲዮው አይከፈትም

ሰው ዳታ ቆጥቦ ነው የሚጠቀመው። ከባድ ቪዲዮ ጭናችሁ ‹ለምን አላያችሁም› ማለት አይሆንም። አሳንሳችሁ ላኩ። ዋናውን ነገር ደግሞ ከሥሩ በሁለት መስመር ጻፉ።

ሜምበር 12,000፣ ቪው 300

ወደ ዋናው መጣን። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄን ይዞ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጥረውም ቴሌግራምን ነው፦ ‹ቻናሌን ደበቁብኝ እንዴ?› ማንም አልደበቀውም። የቻናል ፖስት ለሜምበሩ ሁሉ ይደርሳል። እንደ ፌስቡክ ለአንዱ አሳይቶ ሌላውን የሚዘል ነገር እዚህ የለም። ደርሷቸዋል፤ አልከፈቱትም።

ስታቲስቲክሱን ክፈቱ። ኖቲፊኬሽን ያልዘጋው ሜምበር ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራችኋል። ቀጥሎ የዕድገቱን ግራፍ እዩ። ቀስ እያለ የሚወጣ መስመር ጤነኛ ነው። በአንድ ሌሊት ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ ከዚያ በየቀኑ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ምክንያቱን አትፈልጉ። ወይ ሜምበር ተገዝቷል፣ ወይ ዌቭ (ቻናሎች ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሊንክ የሚለጥፉበት) ውስጥ ተገብቷል፣ ወይ የካርድ ሽልማት ተደርጓል።

የተገዛ ሜምበር አብዛኛው ሰው አይደለም፤ ስለዚህ አያነብም። ዌቭም ቢሆን ያው ነው፦ እርስ በርሱ የማይነበብ ቻናል ሁሉ ተሰልፎ ይተዋወቃል።

የካርዱ ግን ይለያል። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ‹50 ሰው አድ ላደረገ የ100 ብር ካርድ!› ይባላል። ሽልማት ፈላጊው ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጎትታል፦ የድሮ አለቃውን፣ የሰፈሩን ባለሱቅ፣ ዱባይ ያለች አክስቱን። ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ልጅ ግሩፑን እንዲህ አድርጎ ሞላው። ከዚያ በኋላ የገባው የመጀመሪያ መልእክት ‹ማነው እዚህ ያስገባኝ?› የሚል ነበር። ሁለተኛው ‹ካርዴስ?›። መጽሐፍ የጠየቀ የለም። ዕቃ ይገዙት የነበሩት ደንበኞች ደግሞ ‹እገሌ እገሊትን አስገባ› የሚል መስመር ቀኑን ሙሉ ሲዘንብባቸው ግሩፑን ሚውት አድርገውታል። ገበያው የሄደው ከእነሱ ጋር ነው። የምግብ አሠራር የምታሳይ ሌላ ልጅ ደግሞ ካርዱን ሰጥታ ስትጨርስ ተሸላሚዎቹ ራሳቸው ሊቭ አሏት።

ሽልማቱን ዛሬውኑ አቁሙ። የግሩፑ ፐርሚሽን ውስጥ ገብታችሁ ሜምበር ሰው እንዳያስገባ ዝጉ። ‹ዲሊትድ አካውንት› የሚሉትን አስወጡ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ይውረድ! ‹ማስታወቂያ ሰጪ ምን ይለኛል› የሚል አይጠፋም። ማስታወቂያ ሰጪውም ነቅቷል፤ ቪው ነው የሚጠይቀው። ቻናሉ ከተገዛ ሜምበር በቀር ምንም ከሌለው ግን አታክሙት። አዲስ ክፈቱ፣ ሊንኩን አሮጌው ላይ ፒን አድርጉ። የሚፈልጋችሁ ሰው ይመጣል።

ቀጥሎ በሕይወት ያሉትን ማናገር ነው። ‹ምን ትላላችሁ?› ጥያቄ አይደለም፤ ማንም አይመልሰውም። የምግቧ ልጅ ‹ለሽሮ ሽንኩርቱን የምታቁላሉት በደረቁ ነው ወይስ በዘይት?› ብላ ስትጠይቅ ግን ዓመት ሙሉ ዝም ያሉ እናቶች ሁሉ ብቅ አሉ። ተከራከሩ። አንዷማ የድምፅ መልእክት ላከች። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። ሰው ከራሱ ቤት አውጥቶ የሚመልሰው ይሁን። መልስ ሲመጣ ደግሞ እዚያው ሁኑና በስም እየጠራችሁ መልሱ። ጠይቆ የሚጠፋ አድሚን ሁለተኛ ጊዜ መላሽ አያገኝም።

ሰዓቱንም እዩ። ቢሮ በሚገባበት ሰዓት የተለጠፈ ነገር እስከ ማታ ይቀበራል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር ገደማ ነው፣ የሳዑዲው ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ ነው። ሦስቱንም ታገኛላችሁ።

ሌሊት ሌሊት የኢንቨስትመንት ማስታወቂያ ይገባል

ስፓም ነው። ሜምበር ሊንክ እንዳይለጥፍ ሮዝ በሚባለው ቦት ከልክሉ።

ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ማንም አይደማመጥም

ስሎው ሞድ አብሩ፤ አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ ጥቂት ሳይቆይ ደግሞ እንዳይጽፍ ያደርጋል።

አድሚኑ ከቻናሉ ወጣ፣ የማይታወቅ ነገር እየተለጠፈ ነው

አካውንቱ ተወስዷል። ብዙውን ጊዜ ‹ለጓደኛዬ ውድድር ድምፅ ስጡልኝ› የሚል ሊንክ ተከፍቶ ኮድ ተሰጥቷል። ኮድ ለማንም አይሰጥም። ለወንድማችሁም። ‹ከቴሌግራም ነው የምደውለው› ለሚላችሁም። አሁኑኑ ‹ዲቫይስስ› ውስጥ ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ። አዲስ የገባው ሰው ነባሩን ስልክ ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ቶሎ ከደረሳችሁ ትቀድሙታላችሁ። ‹ነገ አየዋለሁ› ያለ ሰው ቻናሉን ተሰናበተው። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ በተጨማሪ የራሳችሁን ፓስወርድ የሚጠይቀውን) ያላበራችሁ ዛሬ አብሩ። ቻናሉን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ብትፈልጉ እንኳ ይሄ ፓስወርድ ከተቀመጠ ቢያንስ 7 ቀን መሙላት አለበት።