ፔሬድ ሲዘገይ፦ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ታክሲ ተራ አጠገብ ያለ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ጠዋት ሰው ሳይበዛ የምትገባን ልጅ ሁኔታዋን አይቼ የመጣችበትን አውቃለሁ። መጀመሪያ የራስ ምታት መድኃኒት ትጠይቃለች። ከዚያ ሞዴስ ታያለች። ሌላው ሰው ሲወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያ... ቴስት አለ?» ትለኛለች። ወንዶቹማ ሁሌም «ለእህቴ ነው» ናቸው። የዚህ ሰፈር ወንድም እንዴት ያለ አሳቢ ነው!

እኔ ግን የእርግዝና ቴስቱን ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ ያለፈው ፔሬድሽ የጀመረው በስንት ነው? አብዛኞቹ «ወሩ አጋማሽ አካባቢ» ይሉኛል። «አካባቢ» ደግሞ አይቆጠርም።

የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ ፔሬድ የመጀመሪያ ቀን ነው። ጥር 5 መጥቶልሽ የካቲት 3 ከመጣ 28 ቀን ማለት ነው። ሁሉም ሴት ግን 28 የላትም። ከ21 እስከ 35 ቀን ድረስ ጤነኛ ነው። የአንቺው ራሱ አንድ ወር 27፣ ሌላ ወር 31 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ማለፉ ብቻውን ምንም አይናገርም።

በዚህ ቆጠራ እኔም ተሸውጃለሁ። ነሐሴ 12 መጣልኝ። መስከረም 12 ላይ «ዛሬ ገና ወሩ ሞላ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣል» ብዬ ተረጋግቼ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ሳይ ብልጭ አለልኝ፤ ጳጉሜን ዘልያታለሁ! 30 ያልኩት 35 ቀን ነበር። የእኔ ደግሞ ከ29 አልፎ አያውቅም። ለሰው ስቆጥር የምውል ፋርማሲስት ነኝ እኮ። ልጄ ግንቦት ላይ ተወለደች።

ቴስቱ መቼ ይሠራል? ሽንት ውስጥ የሚፈልገው የእርግዝና ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ የሚጀምረው ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ግንኙነት በተደረገ በሦስተኛው ቀን የምትመጣ ልጅ ብሯን ነው የምትጥለው። ፔሬድሽ ይመጣል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ሞክሪ። ቀንሽ የተዘበራረቀ ከሆነና መቁጠር ካልቻልሽ ከግንኙነቱ በኋላ 21 ቀን ጠብቂ። ያን ጊዜ የሚያሳይሽን ማመን ትችያለሽ።

ጠዋት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ያለው ሽንት ይሻላል፤ ሌሊቱን ስለተጠራቀመ ወፍራም ነው። «ሽንቴ እንዲመጣ» ብለሽ አንድ ሊትር ውኃ አትጠጪ፣ ይቀጥናል። ንጹሕና ደረቅ ኩባያ ያዢ። ስትሪፑን ቀስቱ ላይ እስካለው መስመር ድረስ ብቻ ንከሪው፤ ከዚያ በላይ ካጠለቅሽው ይበላሻል። ለጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠሽ ወረቀቱ ያለውን ደቂቃ ጠብቂ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ነው። ቅርጫት ውስጥ ከጣልሽው በኋላ ከሰዓት አንስተሽ «መስመር ወጣበት» ብለሽ አትደንግጪ። ሲደርቅ የሚመጣ ጥላ አይቆጠርም።

አንድ መስመር ከሆነ አልታየም ማለት ነው። ሁለት መስመር እርግዝና ነው፤ በጊዜው ከወጣ ሁለተኛው ፈዘዝ ቢልም እርግዝና ነው። «ትንሽ ናት፣ ምናልባት...» እያሉ በስልክ መብራት የሚያዩትን ብዙ አይቻለሁ። ምንም መስመር ካልወጣ ስትሪፑ አልሠራም፣ ሌላ ግዢ።

አንድ መስመር ሆኖ ፔሬዱ ግን ካልመጣ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ቆይተሽ ድገሚው። እንቁላሉ ዘግይቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ፈተና፣ ለቅሶ፣ የሌሊት ሥራ፣ ቶሎ መክሳት፣ ሁሉም ያዘገዩታል። ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ) የዋጠች ልጅ ደግሞ የዚያ ወር ፔሬዷ ቀደም ወይም ዘግየት ሊል እንደሚችል አስቀድማ ትወቅ፤ ከሳምንት በላይ ካለፈ ግን ትመርመር። የሦስት ወር መርፌ የምትወጉም እንዲሁ፤ ፔሬድ መጥፋቱ የተለመደ ነው፣ ካቆማችሁት በኋላም ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። መርፌም እርግዝናም ሳይኖር ሦስት ወር ከጠፋ ግን ሐኪም ይየው።

ፔሬድ እንዲመጣ ጤና አዳም በብዛት ቀቅለው የሚጠጡ አሉ። በዛ ካለ መርዝ ነው። እባካችሁ ተዉት።

ሁለት መስመር ከወጣ ያን ቀን ምንም አትወስኚ። መጀመሪያ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ጽንሱን የምትፈልጊው ከሆነ ፎሊክ አሲድ ጀምሪ፣ 12 ሳምንት ሳይሞላ ክትትል ያዢ። ካልፈለግሽው ደግሞ ከመንገድ ላይ ኪኒን አትግዢ፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ባለሙያ አነጋግሪ። ከ1997 ጀምሮ ያለው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 551፣ ጽንስ በሕክምና ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ መደፈርና የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ መውደቅ ከነዚያ መካከል ናቸው። ወደ አንድ ጎን ያደላ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ከደም ጋር ከመጣ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ትከሻሽን ካመመሽ ነገ አትበዪ። ጽንሱ ከማህፀን ውጪ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።

ክትትል ስትጀምሪ መጀመሪያ የምትጠየቂው ያው የእኔ ጥያቄ ነው። እኔ «ነሐሴ 12» ስላት ሲስተሯ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት ብላ ስትሮጥ «ሲስተር፣ ጳጉሜ አለች» አልኳት።