ሥራ ያቆሙ ባቡር ጣቢያዎችን በአሮጌ ካርታ መፈለግ፦ ከለገሐር እስከ ደወሌ

አሮጌ ካርታ ላይ ያለ የጣቢያ ነጥብ ስም ይነግራል እንጂ ቦታ አይነግርም። በ1:1,000,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ነጥቡ ራሱ ከጣቢያው ግቢ ይሰፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር አሮጌ መስመር ላይ የጠፋ ጣቢያ የምትፈልጉ ከሆነ ነጥቡን ተዉትና መጀመሪያ ሐዲዱ ያለፈበትን አግኙ።

ካርታውን ከማመናችሁ በፊት ዕድሜውን ለዩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከ1917 በፊት የታተመ ካርታ መስመሩን እስከ አዲስ አበባ ካሳየ፣ ሐሳብ ነው የሣለው፤ የማብራሪያ ሣጥኑን እዩት፣ የተቆራረጠ መስመር ብዙ ጊዜ «ሊሠራ የታቀደ» ማለት ነው። ከአማርኛ ሰነድ ጋር ስታስተያዩ የ7 እና የ8 ዓመቱን ልዩነት አትርሱ፤ የአማርኛው 1909 ዓ.ም. እና የፈረንሳዩ 1917 አንድ ዓመት ሆነው ሳለ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ተደርገው የሚጻፉበት ጊዜ አለ። የቦታ ስምም ዕድሜ ይናገራል፦ አዳማን «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱን «ደብረ ዘይት» የሚል ካርታ ከተሞቹ ይህን ስም ካገኙ በኋላ የወጣ ነው። ሌሎቹን ስሞች ፈረንሳዩ፣ ጣልያኑና እንግሊዙ እያንዳንዳቸው በጆሯቸው ጽፈዋቸዋልና በዓይን ሳይሆን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ፈልጉ።

የሚበጀው ካርታ የ1:50,000ው የኢትዮጵያ ካርታ ነው። በእሱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት 25 ሜትር ብቻ ነው። የመስመሩን ጠቅላላ መልክ ለማየት ግን የ1:1,000,000ው ዓለም አቀፍ ካርታ ይበቃል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው በሙሉ በአንድ ሉህ፣ በኤንሲ 37 ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኤንሲ 38 ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። የ1:50,000ው ካርታ የተሠራው በአዲንዳን ዳተም (የቦታ ልኬት ከየት እንደሚነሣ የሚወስን ሥርዓት) ነው፤ ስልካችሁ የሚሠራው ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84። የካርታውን የፍርግርግ ቁጥር እንዳለ ወደ ጂፒኤስ ካስገባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ፤ ይህ ደግሞ አንድ ሙሉ የጣቢያ ግቢ አልፎ ለመሄድ ይበቃል። ኪውጂአይኤስ (ነፃው የካርታ ሶፍትዌር) ላይ ለዞን 37 (ዞን ማለት የ6 ዲግሪ ኬንትሮስ ስፋት ያለው የፍርግርግ ቁራጭ ነው) መለያ ቁጥር 20137፣ ለዞን 38 ደግሞ 20138 ምረጡ። ድሬዳዋ ልክ በዞን 37 ጠርዝ ላይ ናት፤ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያሉት አይሻና ደወሌ ዞን 38 ውስጥ ናቸው። በተሳሳተ ዞን የገባ ነጥብ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚታይ ቶሎ ይታወቃል፤ የዳተሙ ስህተት ግን ትክክል መስሎ ስለሚታይ የከፋው እሱ ነው። የቆየ የፈረንሳይ ካርታ ከሆነ ደግሞ ኬንትሮሱ ከፓሪስ ሊቆጠር ይችላል። ድሬዳዋ 41°52′ መሆን ሲገባት 39°32′ አካባቢ ከተገኘች በሁሉም ላይ 2°20′14″ ጨምሩ።

የተቃኘ ካርታ ስታስተካክሉ ቢያንስ 8 የማይንቀሳቀሱ ነጥቦች ያዙ፤ አራቱ ወደ ሉሁ ማዕዘኖች የቀረቡ ይሁኑ። የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች፣ የፈንታሌ ተራራ አፍ፣ የወንዞች መገናኛ ጥሩ ናቸው። የመኪና መንገድ አትያዙ፣ ተቀያይሯል። የበሰቃ ሐይቅን ዳርቻማ ፈጽሞ! እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መተሐራ አጠገብ በአሮጌው ካርታ ከውሃው ርቆ የሚያልፈውን ሐዲድ አሁን ውሃው ደርሶበታል።

ቀጥሎ የሳተላይት ምስል ከሥሩ አድርጉና መስመሩን ተከተሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የተነሣ ምስል ይሻላል፣ ሣሩ ደርቆ ሐዲዱ የተኛበት የአፈር ድልድል ይለያል። የመኪና መንገድ ድንገት ይታጠፋል፤ ባቡር ግን በሰፊው ነው የሚዞረው፣ ጉብታ ሲያገኝ ቆርጦ፣ ሸለቆ ሲያገኝ በአፈር ድልድል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን አዲሱን መስመር ከአሮጌው እንዳታምታቱ፤ አዲሱ ቀጥ ያለ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የተደረደረበትና በሐዲዶቹ መካከል 1435 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። አሮጌው 1000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ጣቢያ የሚቀመጥበት ምክንያት አለው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይፈልጋል፣ በአንድ ሐዲድ የሚመላለሱ ባቡሮችም የሚተላለፉበት ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ መስመሩ ላይ ለጥ ያለ፣ ጥቂት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የማይርቅ ቦታ ፈልጉ። ጠጠሩ ከአንድ ረድፍ ወደ ሁለት ሦስት ረድፍ ከሰፋ፣ አጠገቡም ዛፎች በመስመር ከቆሙ አግኝታችኋል ማለት ይቻላል፤ በረሃ ውስጥ በመስመር የሚበቅል ዛፍ የለም።

የጣቢያዎቹ ርቀት የተጻፈበት የጉዞ ሰሌዳ ካገኛችሁ ከካርታ ይበልጣል። ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ከጅቡቲ ነው፣ ድሬዳዋ 310 ገደማ ላይ ናት። ከሚታወቅ ጣቢያ ተነሥታችሁ ሐዲዱን ተከትላችሁ በኪውጂአይኤስ የርቀት መለኪያ ለኩ። መጠምዘዣውን በቀጥታ መስመሮች ስለምትቆርጡት መለኪያው ያሳንሳል፤ መለኪያው 25 ሲል እናንተ 25ን አልፋችኋል። ስለዚህ ጣቢያውን ከደረሳችሁበት ወደ ኋላ መልሳችሁ ፈልጉ።

መሬት ላይ ስትደርሱ አዛውንቶቹን «ጣቢያው የት ነበር?» ከማለት «ባቡሩ ውሃ የሚጠጣው የት ነበር?» ማለት ያዋጣል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ናፍጣ ባቡር ሲገባ የውሃ ማቆሚያዎቹ ጥቅም ስላጡ፣ ወጣቶቹ የማያውቁት ጣቢያ አለ። አስተርጓሚ ያዙ፤ መስመሩ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛና በሶማልኛ አገር ነው የሚያልፈው። ከሁሉ በላይ የሚቆየው የውሃ ማማው መሠረት ነው፦ አራት ማዕዘን ወይም ክብ የድንጋይ ግንብ፣ አጠገቡ የቧንቧ ቀዳዳ። የመሳፈሪያው ጠርዝም አይጠፋም፤ ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ሆኖ በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ ረጅም ደረጃ ነው።

ሐዲድ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ሰው ለአጥር፣ ለቤት ምሰሶ፣ ለመሻገሪያ ሩቅ ወስዶታል፤ የብረት አግዳሚውም እንዲሁ። በሐዲዱ ወገብ ላይ በጎላ ፊደል የፋብሪካው ስምና ዓመት ይገኛል። በኖራ ወይም በጠመኔ አሽታችሁ ከጎን ብርሃን ብታበሩበት ይነበባል። የሚናገረው ግን ብረቱ የተሠራበትን ዓመት እንጂ ጣቢያው የተከፈተበትን አይደለም፣ ሐዲድ ከቦታ ቦታ ይዛወራልና።

ለአንድ ጣቢያ የሚመዘገበው፦ የውሃ ማማውና የመሳፈሪያው ሁለት ጫፎች ነጥብ፣ የመሳፈሪያው ርዝመት በሜትር፣ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ፣ ስሙ እንደ ነዋሪው አጠራር። ፎቶው ውስጥ ባለ 1 ሜትር ዱላ አቁሙ።

ብዙዎቹ ህንጻዎች ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ንብረቱም የመንግሥት ነው። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ሳትይዙ ግቢ አትግቡ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሡ፣ አንዲት ብሎን እንኳ አትውሰዱ። ከአዋሽ ወዲያ ለአንድ ሰው ለቀን 4 ሊትር ውሃ ያዙ። በሣር የተሸፈነ ክፍት ጉድጓድ ከእባብ ይልቅ አደገኛ ነውና ውሃ ማማው አጠገብ እየረገጣችሁ ሳይሆን በዱላ እየነካካችሁ ሂዱ።